ሁለት መውጫ ያለው ሐይቅ

ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የሚወርድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወፍ ሊያይ፣ ዓሣ ሊበላ ወይም ላንጋኖ ዳር ሊያርፍ ነው። እኔን የሳበኝ በውሃቸው ውስጥ የሟሟ፣ ለዓይን የማይታይ አንድ ነገር ነው፦ ባይካርቦኔት። ከአንድ ካርቦን፣ ከአንድ ሃይድሮጅንና ከሦስት ኦክሲጅን የተሠራው ይህ ቅንጣት ከደንበል እስከ ሻላ ያሉትን ሐይቆች ጠባይ ይወስናል። በእያንዳንዳችን ደም ውስጥም ያው እሱ ይዞራል፤ ደማችን ኮምጥጦ እንዳይገድለን ሌት ተቀን የሚጠብቀን እሱ ነው። ስለ ደም ለዓመታት ሳነብ ኖሬያለሁ። ያነበብኩት ሁሉ ግን እዚሁ አገሬ ላይ፣ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ እንደሚታይ የገባኝ አዳሚ ቱሉ ስደርስ ነው።

ከአዳማ ተነስቶ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ የሚታጠፈው መንገድ ቆቃን፣ ዓለም ጤናንና መቂን አልፎ ባቱ ያደርሳል። መቂ ላይ የቲማቲም ሳጥን የተደረደረባቸው አይሱዙዎች መንገዱን ይዘውት ስለነበር ሚኒባሳችን እያዘገመ አለፈ። ባቱ፣ ብዙዎቻችን ዛሬም ዝዋይ የምንላት ከተማ፣ ወርጄ በቀጥታ ወደ ሐይቁ ሄድኩ። ደንበል ዳር አባ ኮዳዎች እንደ ሽማግሌ ተደርድረው ዓሣ አጥማጆቹ የሚጥሉትን አንጀት ይጠባበቃሉ። ወደ ውሃው ጎንበስ ብዬ የፒኤች ወረቀት ነከርኩ። ቀለሙ በ8 እና በ9 መካከል ቆመ።

ፒኤች በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ያለውን የአሲድ ብርታት የሚናገር ቁጥር ነው። 7 መሐል ነው፤ ከዚያ በታች አሲድ፣ ከዚያ በላይ አልካላይ። አንድ ቁጥር በወረደ ቁጥር አሲዱ አሥር እጥፍ ይጨምራል። ሚዛኑን ያወጣው ዴንማርካዊው ሶረንሰን ነው፤ በ1909 እ.ኤ.አ. በኮፐንሃገኑ የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ይሠራ በነበረበት ጊዜ። ደንበል እንግዲህ ለስላሳ አልካላይ ነው። ከጉራጌ ተራሮች የመቂ ወንዝ፣ ከአርሲ የቀታር ወንዝ ይገቡበታል፤ በደቡብ ጫፉ ደግሞ የቡልቡላ ወንዝ ይወጣበታል። ይህ መውጫ ስላለው ውሃው ይታደሳል፤ ቆሮሶ ይረባበታል፤ ባቱ ምሳ የበላሁትም ከእሱ የወጣውን ነው።

አዳሚ ቱሉ ከባቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ናት። ጋሪና ባጃጅ የሚጋፉበት አስፋልት፣ ዳርና ዳር የሽንኩርት ማሳ፣ ከማሳው ባሻገር ግራርና ቁልቋል። ለሚቸኩል መኪና የሁለት ደቂቃ ከተማ ናት። ለእኔ ግን መሐል ላይ ያለች ናት፤ በስተሰሜን መውጫ ያለው ሐይቅ፣ በስተደቡብ መውጫ የሌለው ሐይቅ አለ፤ ሁለቱን የሚያያይዘው ቡልቡላ በአጠገቧ ያልፋል። መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ አምቦ ውሃ አዘዝኩ፤ ብርጭቆው ላይ ቀድቼም ወረቀቴን ነከርኩ። 6 ገደማ አሳየኝ። ብርጭቆውን ሳልነካው አቆየሁት። አረፋው ሲሰክን፣ ጋዙ ሲወጣ፣ እንደገና ስለካው ከፍ ብሏል። ከመሬት ውስጥ ይዞት የመጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃ ውስጥ እያለ ካርቦኒክ አሲድ ነው፤ ሲወጣ አሲዱ አብሮት ይሄዳል። ባይካርቦኔቱ ግን እዚያው ይቀራል።

"ጋሼ፣ ምን እየለኩ ነው?" አለችኝ ከጎኔ ካለው ጠረጴዛ ሻይ የምትጠጣ ወጣት። በአካባቢው ጤና ጣቢያ የምትሠራ ጤና መኮንን ነበረች።

"የአምቦውን ፒኤች ነው፣ እህቴ።"

"እኛ ጋ የደም ፒኤች መለኪያ የለም፤ እሱ ትልልቅ ሆስፒታል ነው ያለው። እኔ ትንፋሽ ነው የምቆጥረው።"

እንድትነግረኝ ለመንኳት። "ተቅማጥ ያደከመው ሕፃን ሲመጣ ልብሱን ገልጬ ደረቱን አያለሁ" አለች። "ሳል የለው፣ ሳንባውን ሳዳምጠው ንጹሕ ነው። ግን በጥልቀት፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። እናትየዋ ምች መታው ትለኛለች። እኔ ደሙ እንደኮመጠጠ ያኔ አውቃለሁ።"

ይህን ስትናገር ድምጿ ውስጥ የነበረው እርግጠኝነት ደስ አለኝ። ነገሩ እውነት ነውና። አንጀት የሚያመነጨው ፈሳሽ በባይካርቦኔት የበለጸገ ነው፤ ተቅማጥ ሲበረታ ውሃው ብቻ አይፈስም፣ ያ ጠባቂ ቅንጣትም አብሮ ይፈስሳል። ሕፃኑ ታዲያ የቀረችውን ባይካርቦኔት ለማገዝ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በትንፋሽ እየገፋ ያስወጣል። ብርጭቆዬ ላይ አምቦው በራሱ ያደረገውን የሕፃኑ ደረት በትጋት ያደርገዋል። ጤና መኮንኗ ለተቅማጥ የምትሰጠው የኦአርኤስ ከረጢት ውስጥም ከጨውና ከስኳሩ ጋር ሲትሬት አለ፤ ሰውነት ሲትሬቱን አቃጥሎ ባይካርቦኔት ያደርገዋል። ቀድሞ ከረጢቱ ውስጥ ባይካርቦኔቱ ራሱ ነበር የሚገባው፤ በሙቀትና በእርጥበት ስለሚበላሽ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በሲትሬት ተተካ። እንደ ስምጥ ሸለቆ ላለ ሞቃት አገር ትልቅ ለውጥ ነው።

ወረቀት አውጥቼ ቁጥሮቹን ጻፍኩላት፤ ትምህርት ቤት የተማረችው ነው፣ ግን አብረን ስናሰላው ሁለታችንም ደስ አለን። የጤነኛ ሰው ደም ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45 ነው። ይህች የአንድ አሥረኛ ስፋት ናት የምንኖርባት፤ ከ6.8 በታች ወይም ከ7.8 በላይ ብዙም መቆየት አይቻልም። በአንድ ሊትር ፕላዝማ ውስጥ 24 ሚሊሞል ያህል ባይካርቦኔትና 1.2 ሚሊሞል የሟሟ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ፤ ሃያ ለአንድ። የሁለቱ መጠን ሳይሆን የአንዱ ለሌላው ያለው ድርሻ ፒኤቹን እንደሚወስን አሜሪካዊው ሄንደርሰን በ1908 እ.ኤ.አ. አሳየ፤ ዴንማርካዊው ሃሰልባልክ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዛሬ ሐኪሞች የሚጠቀሙበትን ቀመር ሠራለት። አሲድ ሲመጣ ባይካርቦኔቱ ይቀበለዋል፤ ባፈር የሚባለው እንዲህ ያለው ጥንድ ነው።

ግን ለብዙ ጊዜ ያስገረመኝ ነገር አለ። አንድ ባፈር በደንብ የሚሠራው ጥንዶቹ እኩል በሚሆኑበት ፒኤች አካባቢ ነው። ለዚህ ጥንድ ያ ቦታ 6.1 ነው፤ ከደማችን 7.4 የራቀ። በኬሚስትሪ መጽሐፍ ብቻ ቢመዘን ለደም የተመረጠው ባፈር ደካማ ነው። ታዲያ ሕይወት ለምን በእሱ ላይ ተመካች?

አስሉት። በዚያች ሊትር ላይ 12 ሚሊሞል ጠንካራ አሲድ ይጨመር። የባይካርቦኔቱ ግማሽ አሲዱን ተቀብሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ 12 ይቀራል። ዕቃው የተከደነ ከሆነ የተፈጠረው ጋዝ እዚያው ተከማችቶ 13.2 ይደርሳል፤ ፒኤቹ ወደ 6.06 ይወርዳል። ይህ ሞት ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ትርፉ ጋዝ ቢወጣና 1.2 ላይ ቢጸና ፒኤቹ 7.1 ነው፤ ብርቱ ሕመም፣ ግን ሕይወት አለ። ሳንባ በርትቶ ጋዙን ወደ 0.7 ቢያወርደው 7.33፤ ከጤናው ወሰን ደጃፍ። አሲዱም ያው፣ ባይካርቦኔቱም ያው። ልዩነቱ መውጫው ነው።

"የቆጠርኩት ትንፋሽ ማለት ይኸው ነው" አለች ጤና መኮንኗ፣ 0.7 የሚለውን በጣቷ እየነካች።

መውጫ የሌለውን ሐይቅ ለማየት በማግስቱ በቡልቡላ በኩል ወደ አብጃታ ወረድኩ። መንገድ ላይ ከብቶቻቸውን የሚነዱ አንድ አባት አገኘን፤ ሾፌሬ በኦሮምኛ ሰላምታ አቅርቦ ወሬ ያዘ፣ ለእኔም ተረጎመልኝ። ከብቶቹን ወደ ቦሌ እየወሰዷቸው ነበር፤ ጨው ያለውን ያን የሐይቅ ዳር አፈር ሊልሱ። ካልላሱ ወተታቸው እንደሚቀንስ፣ ፀጉራቸውም እንደሚሳሳ ነገሩን። እኔ በልቤ የላሟን ጨጓራ አሰብኩ። ሣሩን የሚያፈሉት ተሕዋስያን ቀኑን ሙሉ አሲድ ያመርታሉ፤ ላሟ ስታመሰኳ በቀን ከ100 ሊትር በላይ ምራቅ ታፈሳለች፣ በባይካርቦኔትና በፎስፌት የተሞላ ምራቅ፣ ያን አሲድ ለማብረድ። ለዚያ ምራቅ ሶዲየም ያስፈልጋታል፤ ሶዲየሙ ደግሞ በእግሯ ሥር አለ። እነዚህ አባት ምንም መጽሐፍ ሳይከፍቱ ከብቶቻቸውን ወደ ባፈር ይነዳሉ። ከአዳሚ ቱሉ የግብርና ምርምር ማዕከል ጀምሮ የዚህን አገር ከብት ያጠኑ ሁሉ ከእረኞች ጋር ብዙ ቢቀመጡ እወዳለሁ።

አብጃታ ከሩቅ ነጭ ነው። ሲቀርቡት ነጩ ውሃ አይደለም፤ ውሃው የሸሸበት መሬት ነው፣ በሶዳ ቅርፊት የተሸፈነ። ቅርፊቱ ከእግር ሥር ይሰበራል፤ ከሥሩ ያለው ጭቃ መኪና ስለሚውጥ ሐይቁ ካለበት ፓርክ ጠባቂ ጋር በእግር ነው የሚሄዱት። እየቀረብን ስንሄድ በውሃው ጠርዝ ላይ ያለው ሮዝ መስመር ወደ ፍላሚንጎነት ተለወጠ። ቆሜ ቀረሁ። አንገታቸውን ገልብጠው፣ ምንቃራቸውን በዚያ በሚቆጠቁጥ ውሃ ውስጥ እየጎተቱ ጥቃቅኑን አልጌ ያጠልላሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ስለ አልካላይ አንብቤ እንዲህ ያማረ ነገር በውስጡ ይቆማል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ወረቀቱ 10 ነካ። ይህ ውሃ እንዴት እዚህ ደረሰ? ዝናብ ሲወርድ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ደካማ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል። በአርሲና በጉራጌ ተራሮች የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ሲፈስስ ድንጋዩን ቀስ እያለ ይበላል፤ ሶዲየም ይለቅቃል፣ አሲዱም ባይካርቦኔት ሆኖ ይወርዳል። በቡልቡላና ከላንጋኖ በሚመጣው በሆራ ቀሎ በኩል አብጃታ ይገባል። ከዚያ ወዲያ መሄጃ የለውም። ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፤ ባይካርቦኔቱ ይቀራል፣ ከፊሉም ጋዙን ለአየር ሰጥቶ ካርቦኔት ይሆናል፤ ፒኤቹ ይወጣል። በሐይቁ ዳር ያለው የሶዳ አሽ ፋብሪካ ሲያደርግ የኖረውም ይህንኑ ነው፤ ውሃውን በኩሬ አስተኝቶ ፀሐይ እስክታደርቀው መጠበቅ። በመስኖ ምክንያት ከደንበል የሚወርደው ውሃ ሲያንስ፣ ፋብሪካውም ሲስብ፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋ የነበረው ሐይቅ ወደ ግማሽ ወርዷል። ዓሣው አልቋል፤ በሻላ ደሴቶች ላይ ጎጆ ሠርተው ከአብጃታ ዓሣ ይለቅሙ የነበሩት ፔሊካኖችም ምግባቸውን አጥተዋል። ይህ ያንገበግበኛል። የቡልቡላን ውሃ የሚያስቀር ሁሉ የአንድ ሕያው ነገር ደም ሥር ላይ እንደቆመ ቢያውቅ እወዳለሁ።

ሌላም የሚያሳዝን ነገር በዚያው ኬሚስትሪ ውስጥ አለ። ባይካርቦኔት የበዛበት ውሃ ካልሲየሙን እንደ ኖራ ድንጋይ ያስቀምጠዋል፤ ፍሎራይድን ይዞ የሚያስቀር ካልሲየም ሲጠፋ ፍሎራይዱ ውሃው ውስጥ እየዋኘ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ የሚለውን መጠን በእጥፍ ድርብ የሚያልፉ ጉድጓዶች በስምጥ ሸለቆ ብዙ ናቸው። የልጆቹ ጥርስ ቡናማ የሚሆነው፣ በወንጂ የስኳር እርሻ የቆዩ ሠራተኞች ጀርባቸው የደነደነው በዚህ ነው።

ወደ ሐይቁ ስመጣ ሎሚ ይዤ ነበር። በአንድ ብርጭቆ ተራ የታሸገ ውሃ፣ በሌላው የአብጃታን ውሃ ቀዳሁ፤ በሁለቱም ላይ እኩል ሎሚ ጨመቅሁ። ተራው ውሃ ወደ 3 ወረደ። አብጃታ ንቅንቅ አላለም። ጠባቂው ወረቀቱን ተቀብሎኝ ራሱ ነከረው፤ ደጋግሞ ነከረው። ከደም የሚበልጥ ጉልበት ነው ይህ፤ በአንድ ሊትሩ ውስጥ ያለው አልካላይ ከአንድ ሊትር ፕላዝማ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሆኖም አብጃታ ሎሚዬን የሚችለው ስለተጠራቀመበት ነው። ደም ግን በትንሽ ሀብት ይኖራል፤ ያችን ትንሽ ሀብት የሚያኖራትም በሁለት መውጫ ነው።

የመጀመሪያው መውጫ ሳንባ ነው። ሰውነታችን በቀን ወደ 15,000 ሚሊሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያመርታል፤ የተቃጠለ አየር የምንለው ይህ ሁሉ ደም ውስጥ ቢቀር በሰዓታት ውስጥ ያልቅልናል። ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ አንዱ ቅንጣቱ በአንዲት ሰከንድ እስከ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ጋዙን ወደ ባይካርቦኔት ይለውጣል። የተረፈውን አሲድ ሄሞግሎቢን ይይዘዋል፣ ኦክሲጅኑን በለቀቀበት በዚያው ቅጽበት፤ ሳንባ ሲደርስ ደግሞ ኦክሲጅን ሲቀበል አሲዱን ይመልሳል፣ ጋዙ ተመልሶ ይወለዳል፣ ይወጣል። እንዲህ ያለ ቅንብር የትም አላየሁም።

ይህ መውጫ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ዓለም ያየው በ1952 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ላይ ነው። ፖሊዮ የመተንፈሻ ጡንቻቸውን የያዘባቸው ሕሙማን በብሌግዳም ሆስፒታል ይሞቱ ነበር። ደማቸው ሲመረመር የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጠቅላላ መጠን ከፍ ይላል፤ ይህ በአብዛኛው ባይካርቦኔት ስለሆነ ሐኪሞቹ ደሙ አልካላይ ሆኗል ብለው ተረጎሙት። የማደንዘዣ ሐኪሙ ብዮርን ኢብሰን ግን ነገሩን ገልብጦ አየው፤ ጋዙ መውጫ አጥቶ ተከማችቷል፣ ደሙ አሲድ ነው። በነሐሴ ወር ማብቂያ ላይ የአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ጉሮሮ ላይ ቱቦ አስገብቶ በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት አስተነፈሳት፤ ልጅቱ ተረፈች። ከዚያ ወደ 1,500 የሚሆኑ የሕክምና ተማሪዎች በየተራ፣ ለወራት፣ በእጃቸው ሲያስተነፍሱ ኖሩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከመቶ ከ80 በላይ የነበረው ሞት ከግማሽ በታች ወረደ። የዛሬው የጽኑ ሕሙማን ክፍል የተወለደው ከዚያ ነው። እነዚያ ወጣቶች የጨመቁት ከረጢት ሁሉ የአንድን ሰው ሐይቅ መውጫ ሲከፍት ነበር።

ሁለተኛው መውጫ ኩላሊት ነው፤ እሷ አትቸኩልም። በቀን 180 ሊትር ያህል ታጣራለች፤ በእሱ ውስጥ የሚያልፈውን ከ4,000 በላይ ሚሊሞል ባይካርቦኔት አንዱንም ሳታባክን ትመልሰዋለች ማለት ይቻላል። ከምግባችን የሚመጣውን፣ በትንፋሽ የማይወጣውን አሲድ ደግሞ በፎስፌትና በአሞኒያ አስይዛ በሽንት ትሸኘዋለች፤ ለእያንዳንዱ ለሸኘችው አሲድም አዲስ ባይካርቦኔት ለደም ትሰጣለች። ኩላሊቱ የደከመበት ሰው ደሙ ቀስ እያለ ይኮመጥጣል፣ አጥንቱም ካርቦኔቱን እየሰጠ ይሳሳል። የዲያሊስስ ማሽን ከሚመልስለት አንዱ ባይካርቦኔት ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲደረግ ለታማሚው የተተከለለት፣ ከሌሎች ብዙ ስጦታዎች ጋር፣ ይህ መውጫ ነበር።

አዳሚ ቱሉ ከባሕር ጠለል በላይ 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ 2,350 ገደማ። ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ሚኒባሱ ሞጆን አልፎ ሽቅብ ሲል አየሩ ይሳሳል፤ ሳላዘው ትንፋሼ ጥቂት ይጠልቃል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዴ ጥቂት ይቀንሳል፤ ደሜ ጥቂት ወደ አልካላይ ያዘነብላል። ሳንባ ይህን በደቂቃዎች ያደርገዋል። ኩላሊት ግን ሃያ ለአንዱን ለማስተካከል ሁለት ሦስት ቀን ትወስዳለች። ቤቴ ገብቼ ማስታወሻዬን ስጽፍ፣ ስምጥ ሸለቆ ላይ የሚበቃኝ የነበረውንና ለከፍታው የማያስፈልገኝን ትርፍ ባይካርቦኔት ኩላሊቶቼ በሽንት እየሸኙት ነበር።